ብረቱን ከመፈግፈጋችን በፊት እናንብበው

አንድ ተማሪ ከትውልድ ቀዬው ያመጣው አሮጌ የወታደር የራስ ቁር ጠረጴዛችን ላይ ተቀምጧል። ለብዙ ዓመታት ተገልብጦ ዶሮ ውኃ ሲጠጣበት ኖሯል። ቤተሰቡ እንደሚለው ቅድመ አያት በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ከጣሊያን ወታደር የማረኩት ነው። ተማሪው ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት «እንዲያምር» ብሎ ግማሹን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎታል። ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን ያ የተፈገፈገው ግማሽ ነው።

በእኛ እምነት የአንድን የራስ ቁር ምንጭ መለየት በግምት ወይም በትረካ ብቻ የሚፈጸም ሳይሆን በምልከታና በመለኪያ የሚከናወን ሥራ ነው። ለዚህም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ማግኔት፣ ሚዛን፣ ማስመሪያና ትዕግሥት ለጅምሩ ይበቃሉ።

በመጀመሪያ ቅርጹን እንመልከት። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1915 ያወጣችውና ጣሊያንም የተጠቀመችበት የአድሪያን የራስ ቁር በአናቱ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ጋማ መሰል ሸንተረር አለው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1933 የሠራችው ሞዴል ደግሞ ሸንተረር የለውም፤ ከአንድ ብረት የተቀረጸ ሆኖ በሁለቱ ጎንና በኋላው አየር የሚያስገቡ ሦስት ሪቬቶች ይታዩበታል። በእጃችን ያለው ግን ከሁለቱም አይመሳሰልም። የተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል፤ ዙሪያውንም ሰፊ ክፈፍ ይዞታል። ይህ ጆን ብሮዲ እ.ኤ.አ. በ1915 ለእንግሊዝ ጦር ያቀረበው ቅርጽ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ማግኔት ነው። ባልተፈገፈገው በኩል ስናስጠጋው አልያዘም። ብረት ሆኖ እንዴት ማግኔት አይስበውም? መልሱ ሮበርት ሃድፊልድ እ.ኤ.አ. በ1882 ባገኘው የማንጋኒዝ ብረት ውስጥ ነው። በብረት ላይ 12 በመቶ ያህል ማንጋኒዝና ከ1 በመቶ ጥቂት የሚበልጥ ካርቦን ሲጨመር፣ አተሞቹ በከፍተኛ ሙቀት የሚይዙትን ኦስቴናይት የተባለ አደራደር ብረቱ በፍጥነት ከቀዘቀዘ በኋላም ሳይለቁ ይቀራሉ። ይህ አደራደር ማግኔትን አይስብም። ሲመታ ይበልጥ የሚጠነክር በመሆኑም ለራስ ቁር ተመራጭ ሆኗል። የጣሊያኑ የ1933 ሞዴል ግን የኒኬል ብረት ስለሆነ ማግኔት ይይዘዋል።

ይሁን እንጂ ማግኔት ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የተጠቀመበት የአሜሪካው ኤም 1 የራስ ቁርም ከዚሁ ከሃድፊልድ ብረት የተሠራ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ቅርጹ ነው፤ ኤም 1 ጥልቅ ሆኖ ለብቻው የሚወጣና የሚገባ ውስጠኛ ቆብ አለው። ስለዚህ ፍርዱ ከብዙ ምስክሮች ስምምነት መገኘት ይኖርበታል።

ሦስተኛውን ምስክር ያገኘነው በክፈፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ነው፤ ጎን ለጎን የተበሱ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ይህ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በደቡብ አፍሪካ የተመረቱት የራስ ቁሮች መለያ ነው። የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች በ1933 ዓ.ም. በሜጋና በአምባ አላጌ እንደተዋጉ ይታወቃል።

እንግዲህ የቤተሰቡ ታሪክ ሐሰት ሆነ ማለት ነውን? አይደለም። ብረቱ የሚነግረን የት እንደተሠራ እንጂ ማን እንደደፋው፣ ማንስ ለማን እንደሰጠው አይደለም። በ1933 ዓ.ም. አርበኞቻችንና የእንግሊዝ መንግሥት ኃይሎች በአንድ ጠላት ላይ ዘምተዋል፤ ቁሩ ከወዳጅ የተገኘ ስጦታ፣ ከጦር ሜዳ የተነሣ ወይም ዘግይቶ በገበያ የተገዛ ሊሆን ይችላል። የጣሊያን አለመሆኑ የቅድመ አያትን አርበኝነት አይነካም። ጥያቄውን ግን ይለውጠዋል፤ «ከማን ተማረከ?» የሚለው «በምን መንገድ ቤታችን ደረሰ?» በሚለው ይተካል። ለዚህ መልስ ሊሰጡ ይችሉ የነበሩት በውስጥ በኩል የተመታው ማኅተም፣ የቀለሙ ንብርብርና ምናልባትም በቀለም የተጻፈ ስም ነበሩ። በተፈገፈገው ግማሽ ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም። ዝገቱ በብዙ ዓመታት ያላጠፋውን የብርጭቆ ወረቀት በአንድ ከሰዓት በኋላ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ተማሪዎችን አደራ የምንላቸው ይህን ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በቤታችሁ ቢገኝ አትፈግፍጉት፣ ቀለም አትቀቡት፣ በኪሎ ለቆራሌው አትስጡት። ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶግራፍ አንሡት፤ መዝኑት፤ ማግኔቱን በብዙ ቦታ ሞክሩበት። የአዛውንቱንም ቃል ከተናገሩበት ቀን ጋር ጻፉ፤ ትረካውም መረጃ ነውና። አጠገቡ ጥይት ወይም ቦምብ የሚመስል ነገር ካለ ግን ሳትነኩ ለፖሊስ አመልክቱ።

የሳይንስ ትምህርት ክፍሎችም ድርሻ አለባቸው። የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ ዕቃውን ሳይጎዳ ማንጋኒዙንና ኒኬሉን ለይቶ ያሳያል። መሣሪያው ያላቸው ተቋማት በየሴሚስተሩ አንድ ቀን ለሙዚየሞችና ለቤተሰቦች ቢከፍቱ፣ ተማሪው ፊዚክስን በአያቱ ዕቃ ላይ ይማራል፤ አገርም ታሪኳን በማስረጃ ትይዛለች። የተማሪያችን የራስ ቁር ግማሹ ገና አልተነካም። እርሱን አብረን እናነበዋለን።