በእጅ ሰዓት የተለካ 10 ኪሎ ሜትር

ባለፈው ወር አዲስ አበባ ውስጥ ከተካሄደ አንድ የጎዳና ላይ ሩጫ በኋላ፣ አንድ አሠልጣኝ አስተባባሪውን ጠጋ ብሎ «ርቀቱ ግን በትክክል 10 ኪሎ ሜትር ነው?» ሲለው አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የሰማሁት መልስ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሦስት ልጆች የጂፒኤስ ሰዓት አስረው መንገዱን አስቀድመው ሮጠውበታል፤ ሦስቱም ሰዓቶች 10 ኪሎ ሜትር ብለዋል፤ በቃ። «ከሳተላይት የበለጠ ማን ሊለካ ነው?» አሠልጣኙ ሌላ አልጠየቀም። ዙሪያውን የቆሙትም አንገታቸውን ነቅንቀው ተበተኑ።

እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። በእጅ ሰዓት የተለካ የውድድር መንገድ አልተለካም። ይህን እያወቁ «10 ኪሎ ሜትር» ብሎ ማስታወቂያ መለጠፍ፣ ገንዘብ መሰብሰብና ውጤት ማውጣት ሰውን ማታለል ነው፤ ሳያውቁ ማድረጉም ኃላፊነትን አለመወጣት ነው።

ቀላል ነገር ላይ አልጮህኩም። በዚያ ቀን ከፊት ከገቡት ወጣቶች አንዱ ላቡ እንኳ ሳይደርቅ፣ የገባበት ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ማኅተም እንዲደረግለት ጠረጴዛው ዳር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንዳይረጥብ ከማልያው እያራቀ። ማናጀር ዘንድ ይዞት የሚቀርበው እሱን ነው፤ ክለብ ለመግባት ሲሞክር የሚያሳየውም እሱኑ ነው። በዚህ አገር የአንድ ልጅ ዕጣ ስንት ጊዜ በጥቂት ሰከንዶች እንደተወሰነ ስፖርቱን የሚከታተል ሁሉ ያውቃል። ርቀቱ ከጎደለ ያ ወረቀት ሐሰተኛ ሰነድ ነው። ሐሰቱን የሠራው ደግሞ ልጁ አይደለም።

አሁን «ሦስቱም ሰዓቶች ተስማሙ» ወደሚለው ልምጣ፤ ክርክሩ ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነውና። ሦስቱ ሰዓቶች በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ጎዳና፣ በአንድ ሰማይ ሥር የሄዱ ናቸው። ያዩት ተመሳሳይ ሳተላይቶችን ነው፤ የከለሏቸውም ተመሳሳይ ፎቆች ናቸው። ወሬውን ከአንድ ሰው አፍ የሰሙ ሦስት ምስክሮች ቃላቸው ቢገጥም እውነቱ በሦስት እጥፍ አይጠነክርም። ሰዓቶቹ የተስማሙት አብረው ስለተሳሳቱ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያውም እንዲህ ባለ መንገድ ላይ አብረው መሳሳታቸው የሚጠበቅ ነው።

ምክንያቱም ይህ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች የሚዞሩት ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሰዓቱ ርቀትን በቀጥታ አይለካም፤ የሚለካው ሲግናሉ ከሳተላይት ተነሥቶ እጃችን ላይ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ ነው። ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የተቀበለውን አገናዝቦ «እዚህ ነህ» ይላል። ሲግናሉ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት 300 ሜትር ያስታል። ከከፍተኛ ፎቆች ሥር ስንሮጥ ደግሞ ሲግናሉ በቀጥታ አይደርሰንም፤ መስታወቱን መትቶ፣ ተንጸባርቆ፣ ዘግይቶ ይመጣል። ሰዓቱ የዘገየውን እንደራቀ ይቆጥረውና ከመንገዱ አውጥቶ ሌላ ቦታ ያስቀምጠናል።

209 ሜትር በሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ዙሪያ ሮጣችሁ ቤት ስትገቡ ካርታውን አጉልታችሁ እዩት። የሮጣችሁት ቀጥ ባለው አስፋልት ነው፤ መስመሩ ግን ጣሪያ ለጣሪያ ይሄዳል፣ ፎቅ ውስጥ ይገባል፣ መንገዱን አቋርጦ ወዲያ ማዶ ይወጣል፣ ተመልሶም ይመጣል። ያ ሁሉ መንከራተት ርቀት ሆኖ ይደመራል። አስተባባሪው ሊያየው ያልፈለገው ዋናው ነጥብ ይኸው ነው። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ መሳት ቦታን በተመለከተ ሊጣፋ ይችላል፤ ርቀትን በተመለከተ ግን አይጣፋም። የተጠማዘዘ መስመር ከቀጥታው መስመር ምንጊዜም ይረዝማል። ሦስት ሰዓት ቀርቶ ሦስት መቶ ሰዓት አስራችሁ አማካዩን ብታወጡ፣ የምታገኙት የረዘመ ቁጥር አማካይ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ሰዓቱ ከእውነተኛው ርቀት አስበልጦ የሚቆጥር ከሆነ፣ «10» ባለበት ቦታ ላይ የመጨረሻውን መስመር ያሰመረ ሰው ውድድሩን አሳጥሮታል። ሰዓቱ 1.5 በመቶ ብቻ ቢጨምር መንገዱ 150 ሜትር ገደማ ይጎድላል። ኪሎ ሜትሩን በ2 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ለሚሮጥ ልጅ ይህ 25 ሰከንድ ነው። በዚያ ላይ ለኪዎቹ ልጆች የሮጡት መሐል መንገዱን ይዘው ነው፤ መታጠፊያውን ሁሉ ጠርዝ ይዘው አላቋረጡም። ተፎካካሪው ግን ጠርዙን ይዞ ያቋርጣል። ጎዶሎው በሁለት በኩል ሆነ ማለት ነው። ሁሉም የግል ምርጥ ሰዓቱን አሻሽሎ ደስ ብሎት ስለሚሄድ የሚከስ የለም። አስተባባሪውም ይመሰገናል።

ይህ ሥጋት ብቻ አይደለም፤ ማራቶን አጥሮ የተገኘበት ጊዜ አለ። እንግሊዝ ውስጥ የታላቋ ማንችስተር ማራቶን እ.ኤ.አ. በ2013፣ በ2014 እና በ2015 በ380 ሜትር አጥሮ መካሄዱ የተረጋገጠው በ2016 ነው። 24,000 የሚሆኑ ሯጮች ማራቶን ጨረስን ያሉት ማራቶን አልነበረም። እዚያ ስሕተቱ የአለካክ ነው፤ ያረጋገጠውም በብስክሌት ተደግሞ የተደረገ ልኬት ነው። አሁን ስሌቱን ሥሩ፤ 41,815 ሜትር በሆነ መንገድ ላይ 1 በመቶ አስበልጦ የሚቆጥር ሰዓት ማያው ላይ የሚያወጣው 42.2 ኪሎ ሜትር ነው። ጉድለቱን ማጋለጥ ቀርቶ ይሸፍነዋል።

መንገድ የሚለካበት ዘዴ የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ እየተሻሻለ መጥቷል። ብስክሌት ነው። የፊት ጎማው ላይ ጆንስ ካውንተር የሚባል ትንሽ መቁጠሪያ ይታሰራል፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከመንገዱ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለኪው አስቀድሞ ቢያንስ 300 ሜትር ቀጥ ያለ መንገድ በብረት ሜትር ይለካል። በዚያ ላይ ከዋናው ልኬት በፊት አራት ጊዜ፣ ከልኬቱም በኋላ አራት ጊዜ ይጋልባል፤ ፀሐይ ሲሞቅ የጎማው አየር ስለሚነፋና ቁጥሩም ስለሚለወጥ። የሚጋልበው ሯጭ ሊሮጥበት በሚችለው እጅግ አጭር መስመር ነው፤ መታጠፊያው ላይ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቆ። ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ እንኳ «ተሳስቼ ይሆናል» ብሎ በየኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ይጨምራል። ለዚህ ነው በሕጉ የተለካ ማራቶን 42 ሜትር ተጨምሮበት የሚነደፈው። ሊፈጠር የሚችለው ስሕተት ማጠር እንዳይሆን ታስቦ ነው። የእኛ ሰው የመረጠው የሰዓት ልኬት ግን ስሕተቱን በተቃራኒው በኩል፣ ወደ ማጠሩ አመቻቸው።

«አዲሶቹ ሰዓቶች እኮ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ይቀበላሉ» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አዎ፣ ይቀበላሉ፤ የተንጸባረቀውን ሲግናል ለመለየት ከቀድሞዎቹ ይሻላሉ። የአሜሪካው ጂፒኤስ ብቻም አይደለም፤ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮ፣ የቻይናውን ቤይዱ ይጨምራሉ። ይሁንና ፎቅ የጋረደውን ሳተላይት የትኛውም ሰዓት አያየውም። ደግሞ መመዘኛው ምን እንደሆነ አይዘንጋ፤ ከ1,000 ሜትር ውስጥ 1 ሜትር ነው። ይህን ፎቅ በበዛበት ከተማ ውስጥ አሟላለሁ የሚል የእጅ ሰዓት ካለ፣ በብስክሌት በተለካ መንገድ ላይ ይፈተንና እንየው።

ሰዓቱ አይረባም እያልኩ አይደለም። ሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ ሰማዩ ክፍት በሆነበት፣ ለልምምድ ይበቃል። እንጦጦ ጫካ ገብተው በባሕር ዛፎቹ መሐል እየተጠማዘዙ ሲሮጡ ግን ስሕተቱ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ሰዓቱ ኩርባዎቹን እያቋረጠ አሳንሶ ሊቆጥር ይችላል። ይህን ያልተረዱ አሠልጣኞች ሲያጋጥሙኝ እበሳጫለሁ። አንዷን ልጅ ሙሉውን ጫካ ከቡድኑ እኩል ሮጣ ስትወጣ «ሰዓትሽ ጎድሏል፤ ጨምሪ» ብሎ መልሶ ያስሮጣት አሠልጣኝ አይቻለሁ። ከፊትና ከኋላዋ የሮጡት ልጆች እዚያው ቆመው እያዩ። ከዓይኑ ይልቅ ማያውን አመነ።

በተቃራኒው ወገን ያሉትም ከዚህ አይሻሉም። በሕጉ የተለካ ውድድር ሮጠው ሲያበቁ «ሰዓቴ 10.3 ስላለ መንገዱ ረዝሟል» እያሉ አዘጋጁን የሚያብጠለጥሉ አሉ። ቺካጎ ማራቶን ላይ ገና እንደተጀመረ ሰዓቶች በመተላለፊያው ሥርና በረጃጅም ፎቆቹ መሐል መቃዠታቸው የታወቀ ነው። ኬልቪን ኪፕቱም በ2023 እዚያው 2:00:35 ሲገባ ክብረ ወሰኑ የጸደቀው መንገዱ አስቀድሞ በአግባቡ ስለተለካ ነው። ትዕግሥት አሰፋ በዚያው ዓመት በርሊን ላይ 2:11:53 ስትገባም እንዲሁ። የማንንም አምባር የጠየቀ የለም።

ስለዚህ የዚያ ውድድር አዘጋጆች ሁለት ነገር ማድረግ አለባቸው። አንደኛ፣ ያወጡት ውጤት ርቀቱ ባልተረጋገጠ መንገድ ላይ የተመዘገበ መሆኑን ማኅተም ላደረጉላቸው ልጆች በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ልጆቹ ይህን ከባዕድ አገር ማናጀር አፍ መስማት የለባቸውም። ሁለተኛ፣ መንገዱን ያስለኩ። የሚያስፈልገው ዘዴውን የተማረ ሰው፣ ብስክሌት፣ መቁጠሪያ፣ የብረት ሜትርና መኪና ሳይበዛ በማለዳ መንገዱን የሚይዝ ትራፊክ ፖሊስ ነው፤ ለከበሮና ለድምፅ ማጉያ ከሚወጣው ገንዘብ የሚበልጥ አይመስለኝም። ማን እንደለካው፣ በምን እንደለካውና መቼ እንደለካው በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ይጻፍ። ይህን ማድረግ ካልቻሉ «10 ኪሎ ሜትር» የሚለው ከማስታወቂያቸውም ከቲሸርታቸውም ላይ ይነሣ።