ባለቤቱ በውጭ አገር፣ ተሽከርካሪው በጉለሌ፦ በትራፊክ አደጋ ካሳ የመክፈል ኃላፊነት የማን ነው?

መግቢያ

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በአገር ቤት ከሚያፈሯቸው ንብረቶች መካከል ለሥራ የሚሰማራ ተሽከርካሪ አንዱ ነው። ሚኒባስ ታክሲው ወይም የጭነት መኪናው በባለቤቱ ስም ይመዘገባል፤ በዘመድ ወይም በወዳጅ ይተዳደራል፤ በተቀጠረ አሽከርካሪ ይንቀሳቀሳል። ባለቤቱ በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ሆኖ ገቢውን ይከታተላል። አደጋ ሲደርስ ግን «እኔ አገር ውስጥ አልነበርኩም፤ መሪውን የያዝኩትም እኔ አይደለሁም» የሚለው መልስ በሕግ ፊት ምን ዋጋ አለው?

ጥያቄው በጉለሌ ክፍለ ከተማ ተጨባጭ መልክ አለው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው መንገድ ቁልቁለታማ ነው። አዲሱ ገበያ ደግሞ ወደ ሱሉልታና ወደ ጎጃም የሚያወጣ በር በመሆኑ የከተማ ታክሲ፣ ከባድ መኪናና እግረኛ አንድ ጎዳና ይጋራሉ። ለአብነት ያህል፣ ባለቤቱ በውጭ አገር የሚኖር ሚኒባስ በሽሮ ሜዳ ቁልቁለት ላይ ልጆቿን በጉልበቷ የምታሳድግ እናትን ገጭቶ ለሞት ቢዳርግ፣ ልጆቿ ካሳ የሚጠይቁት ማንን ነው?

የወንጀልና የፍትሐ ብሔር ኃላፊነት

በመጀመሪያ ሁለቱን ኃላፊነቶች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የወንጀል ኃላፊነት ግላዊ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን፣ በአንቀጽ 559 በቸልተኝነት አካል ማጉደልን ይቀጣል፤ ተጠያቂውም ጥፋቱን የፈጸመው አሽከርካሪ ነው። ባለቤቱ መኪናው የእርሱ በመሆኑ ብቻ በአሽከርካሪው ወንጀል አይታሰርም።

የካሳ ጉዳይ ግን በሌላ መርህ ይመራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ተሽከርካሪውን የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ከኃላፊነት አይድንም። ተጎጂው የባለቤቱን ጥፋት እንዲያስረዳ አይጠበቅም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከተሽከርካሪው ጥቅም የሚያገኝ ሰው ተሽከርካሪው የሚያስከትለውንም አደጋ ሊሸከም ይገባል። ስለዚህ በውጭ አገር መኖር መከላከያ አይሆንም።

ሕጉ የሚቀበላቸው መከላከያዎች ጥቂት ናቸው። ተሽከርካሪው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ያስረዳ ባለቤት ከኃላፊነት ነፃ ይሆናል። ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ እንደሆነም ኃላፊነቱ ይቀራል ወይም ይቀንሳል። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ደግሞ አንቀጽ 2084 ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋፅኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ ጥፋቱ የአንደኛው ወገን ብቻ መሆኑን ማስረዳት ግን ይቻላል።

መኪናውን ሸጦ ስሙን ሳያዛውር ወደ ውጭ የሄደ ሰውም ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ሊብሬው በስሙ እስካለ ድረስ ከሳሾች በቀዳሚነት የሚያገኙት የእርሱን ስም ነው።

የመድን ሽፋኑ ወሰን

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ ሊነዳ አይችልም። ሆኖም የመድን ሰጪው ግዴታ በሕግ በተወሰነ ጣሪያ የታጠረ ነው። ፍርድ ቤት የወሰነው ካሳ ከጣሪያው በላይ ሲሆን ልዩነቱን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ በሩቅ በመኖሩ ሳይታደስ የቀረ መድን ደግሞ ሙሉውን ሸክም በእርሱ ላይ ሊጥል ይችላል። መድን በሌለው ተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው የሚካስበት የመድን ፈንድ በአዋጁ ተቋቁሟል፤ ይህ ግን የተጎጂው ዋስትና እንጂ የባለቤቱ መሸሸጊያ አይደለም።

የካሳው መጠን

በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሕሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በአንቀጽ 2116 ተወስኗል። ይህን አይቶ ካሳ ሁሉ አነስተኛ ነው ብሎ መደምደም ስህተት ነው። ዋናው ካሳ የሚሰላው በደረሰው ጉዳት ልክ ነው። ሟች ቢሠራ ኖሮ ለትዳር ጓደኛው፣ ለወላጆቹና ለልጆቹ ያደርገው የነበረው ድጋፍ በቀለብ መልክ ይታሰባል። ከላይ በምሳሌነት በተጠቀሰችው እናት ጉዳይ የሕፃናቱ ዕድሜ፣ የእናትየው ዕድሜና ገቢ ስሌቱን ይወስናሉ።

ውክልናና እርቅ

ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጠረው በውክልናው ላይ ነው። ባለቤቱ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ጽሕፈት ቤት የሰጠው ጠቅላላ ውክልና የዕለት ተዕለት አስተዳደርን ብቻ ይሸፍናል። በአንቀጽ 2205 መሠረት ለመታረቅ፣ ጉዳዩን ለግልግል ለመስጠት፣ ለመክሰስም ሆነ ተከሶ ለመከራከር ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ይህ ሥልጣን የሌለው ዘመድ በለቅሶ ቤት በሽማግሌ ፊት የፈረመው የእርቅ ስምምነት በኋላ ለክርክር የተጋለጠ ነው፤ ገንዘቡ ተከፍሎም ክሱ ሊቀጥል ይችላል።

እርቅ በራሱ የሚበረታታ ነው። ሆኖም ሞት ባስከተለ አደጋ የወንጀሉ ክስ በዐቃቤ ሕግ የሚመራ በመሆኑ በቤተሰቦች ስምምነት አይቋረጥም። አሽከርካሪው ተጎጂውን መርዳቱና ጉዳቱን ለመካስ መጣሩ ቅጣት ማቅለያ ሊሆንለት ይችላል።

ክስ፣ መጥሪያና ይርጋ

የካሳ ክስ አደጋው በደረሰበት ቦታ ሊቀርብ ስለሚችል የባለቤቱ አድራሻ በውጭ አገር መሆኑ ክሱን አያስቀርም። ተከሳሹ መጥሪያ ደርሶት ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ሊታይ፣ ፍርዱም በመኪናው፣ በቤቱ ወይም በባንክ ሒሳቡ ላይ ሊፈጸም ይችላል። መጥሪያው በአግባቡ ያልደረሰው ወይም በበቂ ምክንያት ያልቀረበ ተከሳሽ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 78 መሠረት ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሳለት ማመልከት አለበት።

ለተጎጂዎችም ጊዜው ገደብ አለው። በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ሲሆን ረዥሙ ጊዜ ተፈጻሚ ይሆናል። «ባለቤቱ ከውጭ ሲመጣ እንነጋገራለን» በሚል ተስፋ ይህን ጊዜ ያሳለፈ ቤተሰብ መብቱን ሊያጣ ይችላል።

ማጠቃለያ

በሕጉ አተያይ ለካሳ መሠረቱ የተሽከርካሪው ባለቤትነት እንጂ የባለቤቱ መኖሪያ አይደለም። ስለሆነም በውጭ አገር የሚኖር ባለንብረት አደጋ ከመድረሱ በፊት የመድኑን መታደስና የሽፋኑን ልክ ማረጋገጥ፣ የሸጠውን መኪና ስም ማዛወር፣ እንዲሁም ለሚያምነው ሰው በግልጽ የተዘረዘረ ልዩ ውክልና መስጠት ይኖርበታል። አደጋው ከደረሰ በኋላ ደግሞ ለመድን ሰጪው ወዲያውኑ ማሳወቅና የሕግ ባለሙያ ሳያማክሩ በማናቸውም ሰነድ ላይ አለመፈረም ይገባል። ይህን ማድረግ የባለቤቱን ንብረት ከድንገተኛ ፍርድ ይጠብቃል፤ ወላጃቸውን ያጡ ልጆችም የሚገባቸውን ካሳ ሳይጉላሉ እንዲያገኙ ያግዛል።