ባሌስትራ ከመጨመር በፊት ጭነቱ ይመዘን

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ከጉለሌ ተነስቶ በአዲሱ ገበያ በኩል የእንጦጦን ተራራ በመሻገር ወደ ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ፍቼና ጎሐ ጽዮን የሚያመራው የጎጃም መንገድ፣ የገጠሩን ምርት ወደ ከተማ፣ የከተማውን ዕቃ ወደ ገጠር የሚያመላልስ ዋና መሥመር መሆኑ ይታወቃል። በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት ተሽከርካሪዎች መካከል ለገበሬ ማኅበራትና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አገልግሎት የሚሰጡ ፒክአፖች ይገኙበታል። ወተት፣ ድርቆሽ፣ አጠና፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይጭናሉ። እነዚህን መኪናዎች አስተውሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አያልፍም፤ ይኸውም ብዙዎቹ ኋላቸው ወደ መሬት ጎንበስ፣ አፍንጫቸው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ መጓዛቸው ነው።

መኪናው እንዲህ ሲሆን ሾፌሩ ለማኅበሩ መሪዎች የሚያቀርበው ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ባሌስትራው ደክሟል፤ ይጨመርበት» ይላል። ጋራዡ ደግሞ ሌላ ምርጫ ያክልበታል። መለዋወጫ ሻጩም ከአውስትራሊያ የመጣ ጠንካራ ሞላና አሞርዛተር፣ ወይም በአየር የሚነፋ ከረጢት እንዳለው ይናገራል። መሪዎች የመኪና ባለሙያዎች ባለመሆናቸው ከቀረበላቸው መካከል ወይ ርካሹን፣ ወይ ሻጩ አብልጦ ያሞገሰውን ይመርጣሉ። በዚህ ጽሑፍ አስተያየት ግን ስሕተቱ የሚጀምረው ከምርጫው አይደለም፤ መኪናው የሚጭነው ስንት ኪሎ እንደሆነ ሳይታወቅ ወደ ምርጫ ከመገባቱ ነው።

ስለ መዘኑ ጥቂት እንበል። እያንዳንዱ ፒክአፕ ፋብሪካው የወሰነለት ጠቅላላ ክብደት አለው። ከዚህ ላይ የመኪናው ባዶ ክብደት ሲቀነስ የሚቀረው የመጫን አቅሙ ነው። ለምሳሌ ጠቅላላው 2,800 ኪሎ፣ ባዶው 1,800 ኪሎ የሆነ መኪና ቢኖር አቅሙ 1,000 ኪሎ፣ ማለትም 10 ኩንታል ይሆናል። ነገር ግን 10 ኩንታሉ ሁሉ ለዕቃ የሚውል አይደለም። ባለሁለት ጋቢና ከሆነና ሾፌሩን ጨምሮ አምስት ሰው ከተቀመጠበት፣ በአማካይ 70 ኪሎ ቢታሰብ 350 ኪሎ ሄደ ማለት ነው። የብረት ፖርቶ መጋላው፣ ትርፍ ጎማውና የመሣሪያ ሳጥኑ 100 ኪሎ ቢመዝኑ ለዕቃ የሚተርፈው 550 ኪሎ፣ ማለት አምስት ኩንታል ተኩል ብቻ ይሆናል። ወተት የሚጭን ማኅበርም ስሌቱን ልብ ይበል። አንድ ሊትር ወተት ከአንድ ኪሎ ጥቂት ይበልጣል። በመሆኑም ባለ 50 ሊትር 20 ጋን ወተት፣ የጋኖቹ ክብደት ሳይታሰብ፣ ከአንድ ቶን በላይ ነው። ሾፌሩ ገና ጋቢና ሳይገባ መኪናው ከአቅሙ አልፏል።

ሊሰመርበት የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ባሌስትራ መጨመር የመኪናውን የመጫን አቅም አይጨምርም። መኪናው ቀና ብሎ እንዲቆም ያደርገዋል እንጂ ፍሬኑ፣ አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ጎማውና ሻሲው የነበሩት ናቸው። እንዲያውም ከሁሉ የከፋው ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ነው። ጎንበስ ያለ መኪና ሾፌሩን «በዝቶብኛል» ብሎ ያስጠነቅቀዋል። ቀና ያለው ግን ያታልለዋል፤ ሾፌሩም ሌላ ሁለት ኩንታል ይጨምርበታል።

ባሌስትራ የሚለው ቃል እንደ አብዛኛው የጋራዥ ቋንቋችን ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ በዚያው ቋንቋ ቀስት የሚወረውር የጥንት ጦር መሣሪያም በዚሁ ስም ይጠራል። ስሙ ተስማሚ ነው። አንዱ ባንዱ ላይ የተደረቡት ረጃጅም የብረት ቅጠሎች እንደ ደጋን የጎበጡ ሲሆኑ፣ ጭነት ሲመጣ ይዘረጋሉ፣ ሲነሳ ይመለሳሉ። በጊዜ ብዛት መመለሱ ሲያቅታቸው ደከሙ ይባላል። የቶዮታ ሃይሉክስ፣ የላንድ ክሩዘር ፒክአፕና የአይሱዙ ዲማክስ የኋላ እግር የሚያርፈው በዚሁ ነው። የፊታቸው ግን እንደ ዘመናቸው ይለያያል። በቀድሞዎቹ ባለአራት እግር ሃይሉክሶች ፊቱም ባሌስትራ ነበር፤ ኋላ የመጡት ተጠማዛዥ ዘንግ፣ ከዚያም ሞላ ተደርጎላቸዋል። ላንድ ክሩዘር ፒክአፕም ከ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ፊቱ በሞላ ሆኗል። ስለዚህ ለአንዱ መኪና የተገዛ ዕቃ ለሌላው ላይሆን ስለሚችል፣ ግዢ ሲታዘዝ የመኪናው ሞዴልና የሻሲ ቁጥር አብሮ ይጻፍ።

አሁን ወደ ምርጫዎቹ እንመለስ። በጣም ርካሹ አሮጌውን ባሌስትራ አውርዶ እየቀጠቀጡ ዳግመኛ ማጉበጥ ነው። ይህን የሚያደርጉ ብልህ ባለሙያዎች አሉ። ሆኖም የብረት ጠባይ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። ማረሻ የሚያወጣ ቀጥቃጭ ብረቱን አግሎ በልኩ ውኃ ካላጠጣው ማረሻው ወይ ይለግማል፣ ወይ ይሰበራል። ባሌስትራም እንደዚሁ ነው፤ በእሳት ግሎ ጉብጠቱ ከተስተካከለ በኋላ በልክ ካልቀዘቀዘና ዳግም ካልተሞቀ የፋብሪካ ጥንካሬውን ያጣል። በብርዱ የተቀጠቀጠውም ብዙ ሳይቆይ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ማኅበሩ ለጥቂት ወራት ጊዜ ለመግዛት ካልሆነ በስተቀር ይህን መንገድ ባይከተል ይሻላል።

ሁለተኛው አንድ ቅጠል መጨመር ነው። በየጋራዡ የተለመደ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚጨመረው ቅጠል ከሌላ መኪና የወጣ ነው። ችግሩ አዲሱ ቅጠል ከአሮጌዎቹ ጋር እኩል አለመሥራቱ ነው። ወፍራሙ ብቻውን ሸክሙን ይቀበልና ሌሎቹ ያርፋሉ፤ ከዚያም አንድ ቀን ከመሃል ይሰበራል። ልኩ የታወቀ፣ ለዚያው ሞዴል የተሠራ ቅጠል ከሆነና ጭነቱ ጥቂት ብቻ ከበለጠ ግን ነቀፋ የለበትም።

በአየር የሚነፋው ከረጢት በብዙ ሰው ዘንድ የተወደደው አለምክንያት አይደለም። ጭነት ሲኖር ይነፋል፤ ሲራገፍ ይተነፍሳል፤ ባዶውን መኪና አያደነድንም። በአስፋልት ላይ አልፎ አልፎ ለሚጭን ሰው መልካም ነው። ለገጠር መንገድ ግን እንጠራጠረዋለን። ባሌስትራ ሸክሙን ወደ ሻሲው የሚያሳልፈው በሁለት ጫፎቹ፣ በተራራቁ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው። ከረጢቱ ግን መሃል ላይ፣ በአንዲት ቦታ ይገፋል። ባለሁለት ጋቢና ፒክአፕ ደግሞ ካሶኒው በአብዛኛው ከኋላ እግሩ ወዲያ የተንጠለጠለ ነው። ከባድ ዕቃ በካሶኒው መጨረሻ ተጭኖ፣ ከረጢቱ በኃይል ተነፍቶ፣ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ሻሲው ከዚያችው ቦታ ላይ ሊጎብጥ ይችላል። ይህም በልዩ ልዩ አገሮች፣ በተለይም በአውስትራሊያ በረሃማ መንገዶች፣ በተደጋጋሚ የታየ ነው። ሻሲው የጎበጠበት ማኅበር ደግሞ የባሌስትራ ሳይሆን የመኪና ግዢ ውሳኔ ይጠብቀዋል።

የሚቀረው ለታወቀ ጭነት ተለክቶ የተሠራ ሙሉ ባሌስትራ መግዛት ነው። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ በተለይም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ መወደዱን ሁሉም ያውቀዋል። ቢሆንም በዕድሜው ሲሰላ የሚያዋጣው ይኸው ነው። ሠሪዎቹ ለአንድ መኪና ሁለት ሦስት ዓይነት ጥንካሬ ያዘጋጃሉ፤ አንዱ ዘወትር ባዶውን ለሚሄድ፣ ሌላው ዘወትር ሦስት አራት ኩንታል ለሚሸከም፣ ሌላው ለከባድ ጭነት። እዚህ ላይ «ጠንካራው ይበጀናል» የሚለው አነጋገር ብዙዎችን ያሳስታል። ጠዋት ጭኖ ከሰዓት በኋላ ባዶውን የሚመለስ ፒክአፕ ከባዱ ከተገጠመለት፣ በመልስ ጉዞው የኋላ ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ይዘላል። መሬት ያልያዘ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም። በክረምት፣ በሱሉልታ ጥቁር አፈር ላይ ምን እንደሚያስከትል ሾፌሮች ያውቁታል።

ፍሬን ከተነሳ ዘንድ በብዙ ጋራዦች የሚዘነጋ አንድ ዕቃ አለ። በብዙ ሃይሉክሶች ላይ ከሻሲው ወደ ኋላ አክስል በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ግፊት መጣኝ ይገኛል። ሥራው ቀላል ነው። መኪናው ሲጫን ካሶኒው ወደ አክስሉ ዝቅ ስለሚል ዘንጉ ተገፍቶ ለኋላ ጎማዎች ብዙ የፍሬን ግፊት እንዲደርስ ያደርጋል፤ ባዶ ሲሆን ግፊቱን ይቀንሳል። ረጅምና ጠንካራ ባሌስትራ ሲገባ ካሶኒው ከፍ ይላል። መጣኙም አሥር ኩንታል ተጭኖ ሳለ መኪናው ባዶ ይመስለዋል። የኋላው ፍሬን ይደክማል፤ ሸክሙ ሁሉ በፊተኛው ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ይግላል። ከሱሉልታ ተነስቶ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውን ቁልቁለት፣ ወይም ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ወንዝ ድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚያዘቀዝቀውን መንገድ በዚህ ሁኔታ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱት። ጋቢናው ውስጥ ያለው የማኅበሩ ሾፌርና ገንዘብ ያዥ፣ ከታች ገበያ የሚሻገረውም የሰው ልጅ ነው። ስለዚህ ባሌስትራ የገጠመ ጋራዥ የመጣኙን ዘንግ ማስተካከሉን በጽሑፍ ሳያረጋግጥ ክፍያ ባይፈጸም ተገቢ ይሆናል።

አንዳንዱ ሾክ አብዞርበር የሚለው አሞርዛተር ሸክም አይሸከምም፤ የባሌስትራውን መዝለል ያበርዳል እንጂ። በኮረኮንች መንገድ ላይ ለረጅም ሰዓት ሲሠራ ዘይቱ ግሎ አረፋ ይሆናል፤ ማብረዱንም ያቆማል። በጋዝ የታገዘው ይህን ይቋቋማል። ባለአንድ ቱቦው ሙቀትን ቶሎ ያስወጣል፤ ዳሩ ግን ድንጋይ መትቶ ከሰረጎደው ፒስቶኑ ይያዛል። ባለሁለት ቱቦው ትንሽ ጭርመታ ይችላል፤ በመሆኑም ድንጋያማ ለሆነው የገጠር መንገዳችን የኋለኛው የሚመረጥ ይመስለናል። ብዙ ጊዜም ደከመ የተባለው ባሌስትራ ሳይሆን አሞርዛተሩና ጎሚኒው አልቀው የሚገኙ በመሆናቸው አስቀድመው እነርሱ ይታዩ።

«ይህ ሁሉ መልካም፤ ነገር ግን ወተቱ እስከ ቀትር ይበላሻል፤ ገበሬው አይጠብቅም፤ ሁለት ጊዜ መመላለስ ደግሞ ነዳጅ ይፈጃል» የሚል መሪ ይኖራል። እውነቱን ነው። ሆኖም የዘወትር ጭነቱ ከአንድ ቶን የሚያልፍ ማኅበር የሚያስፈልገው ጠንካራ ባሌስትራ ሳይሆን ሌላ መኪና ነው። ከጎረቤት ማኅበር ጋር ተጋርቶ አንድ ትንሽ የጭነት አይሱዙ መከራየት፣ ለሁለት ፒክአፕ ባሌስትራ፣ ጎማና ኩሽኔታ በየጊዜው ከመለወጥ የሚያንስ ወጪ ሊሆን ይችላል። ሒሳቡን የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ካለፈው ዓመት ደረሰኞች ሊያወጣው ይችላል።

አሠራሩን በሚመለከት፣ ማኅበሩ መኪናውን እንደ ዘወትሩ አስጭኖ በምድር ሚዛን ላይ አንድ ቀን ያስመዝን። የኋላውና የፊቱ እግር ለየብቻ ይመዘኑ። ቁጥሩ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብና ፕሮፎርማ በሚሰበሰብበት ጊዜ ለሻጮቹ ሁሉ እኩል ይሰጥ። ከሶማሌ ተራ አሮጌ ዕቃ መግዛት ቢያስፈልግ እንኳ ልኩ በቁጥር ከታወቀ ደላላው የፈለገውን አይሸጥም። ከተገጠመም በኋላ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አቅፈው የሚይዙት ቡሎኖች አዲስ መሆናቸው ይታይ። ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላም ዳግም ይጥበቁ፤ ከላሉ የመሃሉ ቡሎን ተበጥሶ አክስሉ ከቦታው ይንሸራተታልና።

የወጣው አሮጌ ባሌስትራም የማኅበሩ ንብረት ነው። ጋራዡ ጥሎት ወይም ሸጦት እንዳይቀር በንብረት መዝገብ ገብቶ ይመለስ። ብረቱ ጥሩ በመሆኑ ለማጭድና ለማረሻ በአካባቢው ያለ ቀጥቃጭ ይፈልገዋል።