ኪቦርድ ታመመ፣ ዲስክ ተቀበረ

ለኮምፒዩተር በሽታ ሁሉ በየጥገና ቤቱ የሚታዘዝ አንድ መድኃኒት አለ፤ ፎርማት ይባላል። ማሽኑ ተንቀረፈፈ? ፎርማት። ድምፅ አልሰጥ አለ? ፎርማት። ላዩ ላይ ያለው ሊኑክስ ከሆነማ አለቀ! ኪቦርዱ አንድ ጠዋት ዝም ይላል፣ ባለቤቱ ሲፒዩውን ተሸክሞ ይሄዳል፣ ጠጋኙ ማብሪያውን እንኳ ሳይነካ «ይሄ ነገር እኮ ያስቸግራል፣ ዊንዶውስ ልጫንልህ» ይለዋል። ውስጡ የመመረቂያ ጽሑፍ ይኑር፣ የሠርግ ፎቶ ይኑር፣ የሚጠይቅ የለም። ማታ ላይ ሲፒዩው ታጥቦ ባዶውን ይመለሳል። ቤት ገብቶ ሲሰካካ ኪቦርዱ አሁንም አይሠራም። ታማሚው ቤት ተኝቶ ጤነኛው ነበራ ሐኪም ቤት የሄደው!

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

የሚያናድደን የኪቦርድ ችግር የማይመረመር ምስጢር ስላልሆነ ነው። የምትጫኗት ፊደል ስክሪን ላይ እስክትታይ ድረስ ሦስት አራት ታክሲ የምትቀያይር ተሳፋሪ ናት። ከኪቦርዱ ተነሥታ በኬብል ወደ ማሽኑ ትገባለች። የሊኑክስ ዋና ሞተር የሆነው ከርነል ይቀበላታል። እሱ ደግሞ መስኮቶቹን ለሚያሳየው ክፍል፣ ኤክስ ወይም ዌይላንድ ለሚባለው፣ ያስረክባታል። በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ ፊደል ቀያሪው ጋ ወርዳ እንደገና ትሳፈራለች። ተሳፋሪ ሲጠፋ የትኛው ፌርማታ ላይ እንደቀረ ይጠየቃል እንጂ ሰፈሩ አይፈርስም።

እስቲ እንጠይቅ። ኪቦርዱ ሊኑክስ ከመነሣቱ በፊት ይሠራል ወይ? ማሽኑ እንደበራ ዲሊት ወይም ኤፍ 2 ተጫኑና (እንደ ማሽኑ ይለያያል) ባዮስ ውስጥ ግቡ። ቀስቶቹ እዚያ ከታዘዙ ኪቦርዱም ኬብሉም በነፃ ተሰናብተዋል። ካልታዘዙ ደግሞ ሊኑክስ ገና አልጋው ላይ ነው፤ ምን አድርጎ ይወቀሳል? የፊቱን ሶኬት ትታችሁ ከኋላ ሰኩት፣ ገመድ አልባ ከሆነ ባትሪውን ቀይሩ፣ ከጎረቤት ኪቦርድ ተዋሱ። ክብ መሰኪያ ያለው የድሮው ፒኤስ ቱ ከሆነ ማሽኑ ሳይበራ ነው የሚሰካው፤ በርቶ እያለ ቢሰካ ላያውቀው ይችላል። (በነገራችን ላይ «ኪቦርድ የለም፤ ለመቀጠል ኤፍ 1ን ይጫኑ» የሚለውን የባዮስ መልእክት የጻፈውን ሰው ብናገኘው ቡና እንጋብዘው ነበር። በምኑ እንደምንጫን ያስረዳን ዘንድ።)

ኪቦርዱ ደህና ከሆነ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ተጫኑ። ጥቁር ስክሪን መጥቶ ስም ከጠየቃችሁና የምትጽፉትን ከተቀበለ ከርነሉ ጤነኛ ነው፤ በሽታው ከላይ፣ ዴስክቶፑ ላይ ነው። ምንም ካልመጣ ግን ለፍርድ አትቸኩሉ። ኪቦርዱን ጠፍንጎ የያዘው ዴስክቶፑ ራሱ ሊሆን ይችላልና ማሽኑ ሲነሣ ከሚመጣው ዝርዝር ሪከቨሪ የሚለውን መርጣችሁ እዚያ ሞክሩ። በኡቡንቱና በዴቢያን ላይ ከአፕግሬድ በኋላ ማውዙም ኪቦርዱም መግቢያው ገጽ ላይ አብረው ዝም የሚሉበት ጊዜ አለ። ኤክስ የሚገለገልባቸው የኪቦርድና የማውዝ ድራይቨሮች ያሉበት ጥቅል በመሀል ተነቅሎ ይቀራል። መድኃኒቱ ያንን ጥቅል መልሶ መጫን ነው። አንድ ጥቅል!

ከሁሉ የሚያስቀን፣ ደግሞም የሚያበሽቀን፣ ኪቦርዱ ሳይሞት ሞተ የሚባልበት ነው። ዴስክቶፖቹ ላይ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች የተሠራ ስሎው ኪስ የሚባል አገልግሎት አለ። ሲበራ ቁልፍን ነካ አድርጎ ማለፍ አይበቃም፤ ትንሽ ተጭኖ መቆየት ያስፈልጋል። ለሚያስፈልገው ሰው ትልቅ ነገር ነው፣ አንቃወምም። ግን አቋራጩ በተፈቀደባቸው ማሽኖች ላይ ሺፍትን 8 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መቆየት ብቻ ያበራዋል። ስልክ ስታወሩ ክንዳችሁ ቢያርፍበት፣ መጽሐፍ ቢጋደምበት፣ በቃ! ማውዙ ይሄዳል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ፊደል ብቻ የለም። ማስጠንቀቂያ ብቅ ቢል እንኳ ማን ያነባል? ሰውየው አዲስ ኪቦርድ ገዝቶ ይመጣል፤ አዲሱም ይዘጋዋል። እንደገና ሺፍትን 8 ሰከንድ ቢጫን ወይም በማውዝ ሴቲንግ ገብቶ ቢያጠፋው ነገሩ ባለቀ ነበር። በዚህ ሰበብ ስንት ዲስክ እንደታጠበ ሆድ ይፍጀው።

ሌላው የእኛው የአማርኛ ጸሐፊዎች ጣጣ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን ሊኑክስ ላይ አማርኛ የምንጽፈው አይባስ በሚባል ፊደል ቀያሪ ነው፤ የላቲኑን ተቀብሎ በግዕዝ ፊደል ያወጣዋል። መሀል ላይ የተቀመጠ ደላላ በሉት። ደላላው ሲደነዝዝ የምትጽፉት ይገባል እንጂ አይወጣም። የፈረንጅ መመሪያ ስታገላብጡ ይህን ከስንት አንዴ ነው የምታገኙት፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ለሚጽፍ ሰው ምኑ ነው? ምልክቱ ከሰዓቱ አጠገብ ካለ በማውዝ ተጭናችሁ እንደገና አስነሡት፤ ከሌለ ሎግ አውት ብላችሁ ተመለሱ። የይለፍ ቃል አልቀበል ያለ ማሽን ሲገጥማችሁም መጀመሪያ ጥጉን እዩ። ኪቦርዱ የአማርኛ አቀማመጥ ላይ ከሆነ የምትጽፉት በአማርኛ ነው፤ የሚታየው ግን ነጥብ ብቻ ስለሆነ አታውቁም።

በጠጋኞቹ ብቻ ግን አንፈርድም። የራሳችን ጎራ ሊቃውንት የሚባሉት ደግሞ አሉ። ኪቦርዴ አልሠራ አለ ብሎ ለሚጮኽ ሰው «ተርሚናል ክፈትና ይህን ትእዛዝ ጻፍ» ብለው ይመልሳሉ። በምኑ ይጻፈው፣ በአፍንጫው? ማውዙ የሚሠራ ከሆነ ስክሪን ላይ የሚወጣ ኪቦርድ እንዳለ መንገር ስንት ቃል ይፈጃል? ይህች ትዕቢት ሰውን ከሊኑክስ በማባረር ከፎርማት አታንስም።

ጠጋኞቹ መልስ አላቸው፤ ቀድመንም ሰምተነዋል። «ፎርማት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አውቃለሁ፣ ምርመራ ግን አያልቅም፤ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል?» እውነት ነው፣ ኪራይ አለ። ታዲያ ምርመራውን አስከፍሉዋ! ሐኪም ቤት ስንሄድ ገና መርፌ ሳንወጋ ካርድ እናወጣ የለ? ደንበኛውም «ምንም ሳትጭንልኝ?» ብሎ መከራከሩን ይተው። ሺፍትን ተጭኖ ፋይሉን ያተረፈለት ሰው ከጫነለት ሰው በላይ ሠርቶለታል።

ደግሞ ጊዜው ተቀይሯል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2018 (በፈረንጆቹ 2025) አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን ቺፕ የሌላቸውንና ፕሮሰሰራቸው ያረጀውን ማሽኖች በወጉ አይቀበልም። እነዚያ በየቤቱ ያሉ ጠንካራ አሮጌ ዴስክቶፖች ለሊኑክስ አልሰነፉም። «ሊኑክስ አይሠራም» እያሉ ማጠብ ነገ የሚሠራውን ማሽን ዛሬ ቆሻሻ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ሲፒዩውን ተሸክማችሁ ስትሄዱ ኪቦርዱንም ይዛችሁ ሂዱ። ጠጋኙ «ፎርማት» ሲል ኡቡንቱ ያለባት ፍላሽ አውጡለት። በእሷ ስታስነሡ ከመጫን ሌላ መሞከር የሚል ምርጫ አለ፤ ዲስኩ ሳይነካ ከፍላሿ ብቻ ይነሣል። ኪቦርዱ እዚያ ከጻፈ ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ፋይሎቻችሁንም በዚያው ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ትችላላችሁ። ይህን ለማየት አሥር ደቂቃ የለኝም ካለ ማሽናችሁን አቅፋችሁ ውጡ፤ ማዶ ሌላ ጥገና ቤት አለ።