ቀጣዩን ቪዲዮ የሚመርጠው ማን ነው?

አገር ቤት ያደገ ወላጅ አባባ ተስፋዬን አይረሳም። ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአስርት ዓመታት ለልጆች ተረት አውርተዋል። ለልጅ የሚሆነውንና የማይሆነውን የሚለይ ትልቅ ሰው ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ተረቱ ሲያልቅ ፕሮግራሙም ያልቃል፤ በቃ፣ ወደ ጥናት!

ዛሬ ዊተን ውስጥ ይህንን ስራ የያዘው አልጎሪዝም ነው። ዩቲዩብ ከ2012 ጀምሮ ቪዲዮ ሲያስቀድም፣ ሰው ምን ያህል ጊዜ ቁጭ ብሎ እንዳየው ለሚለው ትልቅ ክብደት ይሰጣል። ልጁ ይሳቅበት ወይም ፈርቶ ይፍዘዝበት፣ ደቂቃው ያው ደቂቃ ነው።

በተለይ የሳሎኑን ቴሌቪዥን ልብ በሉልኝ። ብዙ ቤት የተከፈተው በአባት አካውንት ነው። አባት ከስራ ሲገባ የአገር ቤት ወሬና የፖለቲካ ትንታኔ ያያል። በማግስቱ ልጅቷ የፊደል መዝሙር ትከፍታለች። መዝሙሩ ሲያልቅ እናት ወጥ ቤት ናት፤ ማሽኑም የሚያውቀው የአባትን ፍላጎት ነውና የጦርነት ወሬ ሊያስከትል ይችላል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ማንም ግን አልመረጠም።

የልጆች ተብሎ የተለየውም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አልነበረም። በ2017 ኤልሳንና ስፓይደርማንን የመሰሉ ገጸ ባህሪያት ያሉባቸው፣ ውስጣቸው ግን የሚያስፈራና ነውር የሆኑ ቪዲዮዎች ዩቲዩብ ኪድስ ላይ ሳይቀር ተገኝተው ወላጆች ጮኸዋል። የማሽኑ ማጣሪያ አሳልፏቸዋል። አንዲት አያት ብታያቸው እኮ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅባትም ነበር!

ኩባንያው በ2018 ወላጅ ራሱ የፈቀደው ብቻ እንዲታይ የሚያደርግ ምርጫ ጨመረ። ዩቲዩብ ኪድስን ከፍታችሁ፣ በቁልፏ ምልክት ገብታችሁ፣ በልጁ ስም ስር ታገኙታላችሁ። ያኔ ፍለጋውም ይዘጋል። እዚያ የማይገኝ የአማርኛ ፕሮግራም ካለ አብሮ ተቀምጦ ማየት ነው። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የጀመረችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ጥሩ መነሻ ነው፤ ልጅ ምን መማር እንዳለበት አስቦበት የተሰራ ነው።

«ሁለት ስራ እየሰራሁ መቼ ልምረጥ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ግን በደመወዝ የሚመርጡላችሁ ሰዎች ጆርጂያ አቬኑ ላይ አሉ። የዊተን ላይብረሪ ከ2019 ጀምሮ ከመዝናኛ ማዕከሉ ጋር አንድ ሕንጻ ውስጥ ነው፤ ነጻ ነው። የልጁን ዕድሜና የሚወደውን ንገሯቸው። ይህን ስራ ቀላል አድርጋችሁ አትዩት፦ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ላይብረሪ ሲሰሩ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አጡ። ስለዚህ በሁለት ቋንቋ አንድ ጻፉ፤ በ2003 ደግሞ አዲስ አበባ ሾላ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። አልጎሪዝም ሰዎች ያዩትን ቆጥሮ ያቀርባል እንጂ የጎደለውን አይቶ አይቆጭም።

ልጆች፣ ይቺ ለእናንተ ናት፦ በዚህ ወር ለታናሽ ወንድም ወይም እህታችሁ አምስት ቪዲዮ ምረጡ። ለምን እንደመረጣችኋቸው ለእማዬ ወይም ለአባዬ በአማርኛ ንገሩ። አማርኛው ቢሰባበርም ችግር የለውም።