ስለ ሰው ሠራሽ ጥርስ ወጪና ስለ መድን ውል ወሰን

ጥርስ ከሰው ብልቶች ሁሉ ታናሽ መስሎ ይታያል፤ ዋጋው የሚታወቀው ግን ከወለቀ በኋላ ነው። ጥርሱ ያለቀበት ሽማግሌ ሥጋውንና ቆሎውን ትቶ በአጥሚትና በፍትፍት ይኖራል፤ ቃሉ ከአፉ ጠርቶ ስለማይወጣለት በሰው መካከል ዝምታን ይመርጣል፤ ሲስቅም እጁን በአፉ ላይ ይጭናል። ስለዚህ ለአረጋዊ ሰው ጥርስ መተካት ለጌጥ የሚደረግ ነገር ሳይሆን፣ መብልንና ንግግርን፣ ከወዳጅ ጋራ በደስታ መዋልንም የሚመልስ ሕክምና ነው።

ይህን ሕክምና የሚያሳምር ጥበብም ተገኝቷል። ስዊድናዊው ሊቅ ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1952 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጥንቸልን አጥንት ሲመረምር፣ ቲታኒየም የተባለው ብረት ከሕያው አጥንት ጋራ ተዋሕዶ እንደሚጸና አስተዋለ፤ በ1965ም ይህንኑ ብረት በሰው መንጋጋ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተክሎ ጥርስ አቆመበት። ዛሬ ኢምፕላንት የሚባለው ይህ ነው። በ2002 በካናዳ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ዐዋቂዎች፣ ጥርስ ፈጽሞ ላለቀበት የታችኛው መንጋጋ በሁለት ኢምፕላንት የተደገፈ ተነቃይ ጥርስ የመጀመሪያው ምርጫ ሊሆን ይገባል ብለው ተስማሙ። ምክንያቱም የታችኛው ተነቃይ ጥርስ ያለ ድጋፍ በድድ ላይ ብቻ ሲቀመጥ ምላስ እየገፋው ይንሸራተታል፤ የመንጋጋውም አጥንት ጥርስ ካጣ ጀምሮ ከዓመት ወደ ዓመት ስለሚመነምን፣ ትናንት ልክ የነበረው ጥርስ ነገ ይሰፋል።

የጥበቡ መልካምነት አያከራክርም፤ ጭንቁ ያለው በዋጋው ላይ ነው። ይልቁንም በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆቻቸውን ወደዚያ ወስደው ሲያስታምሙ፣ «ኢንሹራንስ አለን» በሚል ተስፋ ብቻ ሕክምናውን ያስጀምሩና በመጨረሻው የሒሳብ ወረቀቱን ባዩ ጊዜ ይደነግጣሉ። ይህ ድንጋጤ የሚመጣው ከገንዘብ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ውሉን አስቀድሞ ካለማንበብም ይመጣል።

በዚያች አገር ዕድሜያቸው 65 ዓመት ለሞላ ሰዎች የሚሆነው ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት መድን በ1965 ሲደነገግ፣ የጥርስ ሕክምናንና ሰው ሠራሽ ጥርስን ከክፍያው ውጭ አድርጎ ነው። የተተወለት ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ ይኸውም የጥርሱ ሕክምና ለሌላ ከባድ ሕክምና፣ እንደ ልብ ቫልቭ መለወጥ ወይም እንደ ኩላሊት መተካት ላለው፣ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ነው። ለድኾች የሚሰጠው ሜዲኬድ ደግሞ ለዐዋቂዎች ጥርስ የሚከፍለው እንደየክፍለ አገሩ ሕግ ነው፤ በአንዱ ብዙ፣ በሌላው ጥቂት ነው። ስለዚህ በአንዱ ክፍለ አገር የሚኖር ሰው የሰማው ነገር በሌላው ለሚኖር ዘመዱ ማስረጃ አይሆንም።

የግል ኩባንያዎች የሚሸጡት የጥርስ መድንም ጠባዩ ከሌላው የጤና መድን የተለየ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። በሌላው የጤና መድን ወሰን የሚደረገው በብዙው በታማሚው ወጪ ላይ ነው፤ ታማሚው እስከዚህ ድረስ ከከፈለ በኋላ የቀረውን ኩባንያው ይችላል። በጥርስ መድን ግን ወሰን የሚደረገው በኩባንያው ወጪ ላይ ነው፤ ኩባንያው እስከዚህ ድረስ ከከፈለ በኋላ የቀረውን ሁሉ ታማሚው ይሸከማል። የዓመቱ ወሰን በብዙዎቹ ውሎች ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ነው። ጥርስ ለማጠብና ለመመርመር ሙሉውን፣ ለመሙላት ከመቶ 80፣ ለታላላቁ ሥራ ከመቶ 50 ይከፈላል የሚለው የተለመደ አከፋፈልም ከዚህ ወሰን በታች የሚሠራ እንጂ ወሰኑን የሚያልፍ አይደለም።

ነገሩ በምሳሌ ይገለጣል። የአንዲት እናት ሕክምና በጠቅላላው 10,000 ዶላር ተገመተ እንበል። ልጆችዋ «ኩባንያው ግማሹን ይከፍላል» ብለው 5,000 ዶላር ብቻ ያዘጋጃሉ። ነገር ግን የዓመቱ ወሰን 1,500 ዶላር ከሆነ፣ ኩባንያው ከዚያ በላይ ስለማይከፍል የልጆቹ ዕዳ 8,500 ይሆናል። አስቀድሞ ያሰበ ቤተ ሰብ ግን ይህን ያቃልላል፤ ኢምፕላንቱ ከአጥንት ጋራ እስኪዋሐድ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ስለሚጠበቅ፣ 6,000 የሚፈጀው ቀዶ ሕክምና በዓመቱ መጨረሻ፣ 4,000 የሚፈጀው የጥርሱ ሥራ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ቢደረግ የሁለት ዓመት ወሰን ይገኛል፤ ኩባንያው 3,000 ይከፍላል፣ የቤተ ሰቡም ድርሻ 7,000 ይሆናል። ከዚህም ላይ የተከፈለው ዐረቦን ይታሰባል፤ በየወሩ 40 ዶላር ቢሆን በሁለት ዓመት 960 ነውና፣ ከመድኑ የተገኘው እውነተኛ ጥቅም 2,040 ዶላር ብቻ ነው። ጥቅሙ ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ተስፋ የተደረገውን ያህል አይደለም።

ውል የሚፈርም ሰው ከወሰኑ ሌላ አራት ነገሮችን ፈልጎ ማንበብ ይገባዋል። መጀመሪያ፣ ኢምፕላንት በስሙ ተጠርቶ ይከፈልበት እንደ ሆነ፤ ሁለተኛ፣ ለታላላቁ ሥራ 6 ወር ወይም 12 ወር መቆየት ግዴታ እንደ ሆነ፤ ሦስተኛ፣ ኩባንያው በውዱ ሥራ ፈንታ የርካሹን ዋጋ ብቻ አስቦ የሚከፍል እንደ ሆነ፤ አራተኛ፣ ከውሉ በፊት የወለቀ ጥርስ አይተካም የሚል ቃል ያለበት እንደ ሆነ ነው። ይህ አራተኛው ከአገራቸው ጥርሳቸውን አጥተው ለሄዱ ወላጆች ከሁሉ ይልቅ ይጎዳል፤ ዐረቦኑን በየወሩ እየከፈሉ ለዋናው ችግራቸው ምንም አያገኙምና። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር ሐኪሙ የሥራውን ዝርዝር ለኩባንያው ልኮ የሚከፈለውን ግምት በጽሑፍ እንዲያመጣ መጠየቅ ብልኅነት ነው።

የሐኪሙም ዋጋ በጅምላ ሳይሆን በዝርዝር ይጠየቅ። ምርመራና የራጅ ሥዕል፣ የቀሩትን ጥርሶች መንቀል፣ ምናልባት አጥንት መጨመር፣ ኢምፕላንቱ፣ ማያያዣው፣ እስኪድን የሚደረገው ጊዜያዊ ጥርስ፣ ዋናውም ጥርስ እያንዳንዱ የየራሱ ዋጋ አለው። ከተሠራም በኋላ ወጪው አያልቅም፤ ማያያዣው ውስጥ ያለችው ታናሽ ቀለበት እያለቀች ትለወጣለች፤ ጥርሱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይታደሳል። የስኳር በሽታው ያልታገሠለት ወይም ትምባሆ የሚያጤስ ሰው ኢምፕላንቱ የመክሸፉ አደጋ ከፍ ስለሚል፣ ይህን ሳይደብቅ ለሐኪሙ መንገር ይገባዋል።

ገንዘብ ያልሞላለት ሰው ወደ ብድር ከመሮጡ በፊት ሌላ በር ያንኳኳ። የጥርስ ሕክምና በሚማሩባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች በመምህራን ጠባቂነት የሚሠሩት ሥራ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ዋጋው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። በአንዳንድ ሐኪም ቤት የሚቀርበው «እስከዚህ ቀን ወለድ የለውም» የሚባል ብድር ግን ይመርመር፤ በቀኑ ተከፍሎ ካላለቀ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚቆጠርበት ውል አለና። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በአንድ ፊርማ የመጣ ዕዳ በብዙ ዓመት ድካም ይለቀማል።

አንዳንዶች ዋጋውን ሽተው ወደ አዲስ አበባ መጥተው ይታከማሉ። ይህም መልካም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አጥንቱ እስኪጸና ድረስ መቆየት ወይም ሁለት ጊዜ መመላለስ እንደሚያስፈልግ፣ የአውሮፕላኑም ዋጋ በሒሳቡ ውስጥ እንደሚገባ አይዘንጋ። የተተከለው ኢምፕላንት የማን ሥራ እንደ ሆነና መጠኑ ስንት እንደ ሆነ የሚገልጥ ጽሑፍ ካልተያዘም፣ በሌላ አገር ያለ ሐኪም ማያያዣውን ለመለወጥ ይቸገራል።

በኢትዮጵያም ቢሆን ነገሩ ሩቅ አይደለም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከጥቅሙ ውጭ ሆኖ ነበር። የሕዝብ ገንዘብ ጥቂት በሆነበት ጊዜ ለወላድና ለሕፃናት፣ ለወባና ለሳንባ ምች ቅድሚያ መስጠት ፍርድ አለበት። ነገር ግን ጥርስን እንደ ጌጥ ቆጥሮ ለዘለዓለም ከመዝገብ ማውጣት ፍርድ አይሆንም፤ ቢያንስ ጥርስ እንዳይወልቅ የሚጠብቀው ሕክምና ለሁሉ የሚደርስበት መንገድ ሊታሰብ ይገባል። መድን የሚሸጡትም ሁሉ ወሰኑን በጥቃቅን ፊደል በመጨረሻው ገጽ መሰወር ትተው፣ ገዢው በሚያውቀው ቋንቋ በመጀመሪያው ገጽ ቢጽፉት፣ ከገዢው ጋራ የሚኖራቸው መታመን ይበዛል።

ልጆችም ወላጃቸውን ማክበር የሚገለጠው ከሁሉ የከበረውን ሥራ በዕዳ በማሠራት እንዳልሆነ ይወቁ። ሁለት ኢምፕላንት ለብዙ ሽማግሌዎች የታችኛውን ጥርስ አጽንቶ ለማኖር ይበቃል፤ ከዚያ የበለጠው ሥራ አቅም ላለውና ሐኪም ለመከረው ነው። ወንድምና እኅት በአንድነት ተቀምጠው ውሉን አንብበው፣ የየድርሻቸውን በየወሩ ቢያስቀምጡ፣ ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ይፈጸማል። ወላጅም ልጆቹ በዕዳ መያዛቸውን እያሰበ ሳይሆን፣ በሰላም ቆርሶ ይበላል።