ቤቱ ይሸጥ፤ ደኑስ የማን ነው?

«ባህላዊ የገጠር ቤት ከነጋራ ደኑ ለሽያጭ ቀርቧል» የሚል ማስታወቂያ ካጋጠማችሁ፣ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። ሰውዬው የሚሸጠው የማንን ነው?

ሕጉ ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። አርሶ አደሩ የራሱ ነው የሚባለው በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራው ቤትና ያለማው ነገር ነው። የጋራ ደን ግን ጭራሽ የአንድ ሰው አይደለም።

ነገሩ የወረቀት ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መንዝን ተመልከቱ። የጎጆው ክዳን የጓሳ ሣር ነው፤ ገመዱም ማገዶውም ከዚያው ከጋራው መሬት ይገኛል። ይህን ሀብት ለዘመናት ያቆየው ቄሮ የሚባለው ሥርዓት ነበር። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ጊዜው ሲደርስ ተከፍቶ ይታጨዳል፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ጓሳውም ጠባቂ አጥቶ ተጎዳ። ኋላ ያገገመው ማኅበረሰቡ ደንቡን በአዲስ መልክ ሲያቆም ነው።

ስለዚህ የጋራ ደን የቤት ዋጋ ማሳመሪያ አይደለም፤ ግዴታ ነው። ገዢው «ደኑ መቼ ይዘጋል? ማን ይጠብቀዋል? የእኔስ ድርሻ ምንድን ነው?» ብሎ ሻጩን ሳይሆን የአካባቢውን ሰው ይጠይቅ። ያን ሳይጠይቅ የገባ ሰው ቤት እንጂ ጎረቤት አልገዛም፤ ክዳኑ ባረጀ ጊዜም ሣር የሚሰጠው አያገኝም።